ጉልበት ከሶማሌ ተራ

አዲስ አበባ ላይ የሚነዳ የቤንዚን መኪና ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉን ሳያየው ይኖራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ደግሞ ቤንዚኑን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ይቀነሳል። ጀርመን አገር፣ ቮልፍስበርግ ላይ 34 የፈረስ ጉልበት ተብላ የወጣች ባለ 1200 ቮልስ ፒያሳ ስትደርስ 26 ቢቀራት ነው። ሽሮ ሜዳን አልፋ ወደ እንጦጦ ማርያም ስትወጣ ከዚያም ትወርዳለች። አራት ሰው ጭና በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ዳገቱን ስትገፋ ያየ ሰው ሂሳቡን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

እኔ ሂሳቡን የያዝኩት በልጅነቴ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ በነበረ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጊዜው የደርግ ነው። ትምህርት ሲዘጋ እናቴ “መንገድ ለመንገድ ከሚዞር” ብላ ለጋራዡ ባለቤት አስረከበችኝ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሙያውን ከጣሊያን መካኒክ ተረክበው በኋላ የቮልስ ሰው ሆነው ቀሩ። ፔጆ ሲመጣባቸው ለጎረቤት ጋራዥ ያስተላልፉ ነበር። ውኃ የሚጠጣ ሞተር የሰነፍ ሥራ ነው ይላሉ፤ ምክንያቱ ዛሬም አልገባኝም። የእኔ ሥራ ዕቃ በቤንዚን ማጠብ፣ መብራት መያዝና የ17 ቁልፍ ማቀበል ነበር። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ አራቱም በ17 ይፈታሉ። አንድ ክሪክና ሁለት ሰው ካለ ሞተሩ ሻይ ሳይፈላ መሬት ላይ ነው።

ሞተር ማውረድ እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው ሰዉን ሁሉ ያማለለው። አዲስ መኪና ለደመወዝተኛ የሚታሰብ አልነበረም። ቮልስ ያለው ሰው ሌላ መኪና ከመመኘት ይልቅ ያለችውን ማሳደግ ይመኛል። ደረጃውን ሕፃን ሳይቀር በቃሉ ያውቀው ነበር፤ ባለ 1200 በ34 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 1300 በ40፣ ባለ 1500 በ44፣ ባለ 1600 በ50። ከታችኛው ወደ ላይኛው የዘለለ ሰው በሰፈሩ ይወራለታል። ጋሼ ግን እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አንስተው ለደንበኛው በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ያሰሉለታል፦ 50ውም ቢሆን አዲስ አበባ ላይ 38 ነው። ይኼን ሁሉ ገንዘብ አውጥተህ ባለ 1200 ጀርመን አገር ከምትሄደው ጥቂት ብትበልጥ ነው። ከፍታው የወሰደብህን ነው የምታስመልሰው። ደንበኛው ይስቃል፤ ሞተሩንም ይገዛል።

የሚገዛው ከሶማሌ ተራ ነው። ያገለገለ የመኪና ዕቃ ዛሬም እዚያ ነው የሚገኘው፤ ያኔ ግን ሌላ በር ስላልነበረ ከተማው በሙሉ በዚያ ያልፋል። ጋሼ እኔን አስከትለው ይሄዳሉ። መሬት ላይ ከተደረደሩት ሞተሮች እያንዳንዱ፣ እንደ ሻጩ አባባል፣ የአምባሳደር መኪና ሞተር ነበር። በዚያ ሂሳብ አዲስ አበባ ከኒው ዮርክ የበለጠ አምባሳደር ነበራት። ጋሼ መልስ አይሰጡም። ቁጢጥ ይሉና ከኋላ ያለውን ፑሌጃ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ራሳቸው ይስቡታል፣ ይገፉታል። ኮሎው፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተጫወተ፣ ብሮንዚናው አልቋል፤ ተነሥተው እጃቸውን ይጠርጋሉ። ካልተጫወተ ካንዴላዎቹን ያስፈታሉ፤ እኔ በአውራ ጣቴ ቀዳዳውን እደፍናለሁ፣ እሳቸው ሞተሩን ያዞራሉ። ጣቴን ገፍቶ ካላወጣው ያ ሲሊንደር ትንፋሽ የለውም። ሁልጊዜ የምንጀምረው ከሦስተኛው ነበር። በድሮው የቮልስ ሞተር ዘይት ማቀዝቀዣው ለሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ነው የተቀመጠው፤ አየሩ ዘይቱን ሲያበርድ ይሞቅና ለሦስተኛው የሚደርሰው ትኩስ ሆኖ ነው። ቮልስ ከታመመች ከዚያ ነው የሚጀምራት። ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙም ያነሰ ስለሆነ እኛ ጋ ቶሎ ይጀምራታል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ችግር ያልሠራ ሰው አያውቀውም። አሮጌዎቹ ቮልሶች በ6 ቮልት የሚሠሩ ነበሩ፤ ቮላኖአቸው፣ ከሞተሩ ጫፍ ላይ ያለው ጥርሳሙ ክብ ብረት፣ ትንሽ ነው። የኋለኞቹ ባለ 12 ቮልት ሞተሮች ቮላኖ ሰፋ ያለ ሲሆን ጥርሱም በቁጥር ይበልጣል። ስለዚህ ባለ 1600ውን ከአሮጌዋ ካምቢዮ ጋር ሲያጋጥሙት ብሎኖቹ ልክ ናቸው፣ ቀዳዳዎቹ ልክ ናቸው፣ ቮላኖው ግን ቤቱን ይነካል። የካምቢዮውን ቤት ውስጥ በሞረድ መብላት ግድ ይላል። ሞተሪኖውም ይቀየራል፤ አምፖሉ ሁሉ ይቀየራል። ያንን ሞረድ የሚይዘው የጋራዡ ልጅ ነው። ከመኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ የማግኒዚየም ብናኝ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ጥቂት ሞርጄ ቮላኖውን አስጠግቼ አያለሁ፣ እንደገና እሞርዳለሁ። ብዙ ከበላሁት ቤቱ ይሳሳል፤ ካነሰ ይፋጫል። በመጨረሻ ጋሼ ቮላኖውን በአንድ ጣታቸው ያዞሩና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ዝም ካለ ዝም ይላሉ፤ ምስጋናቸው ያ ነበር።

ሊብሬው ደግሞ አለ። ሊብሬ ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር ይጻፋል። ሞተር የቀየረ ሰው ቁጥሩን ካላስቀየረ ቦሎ ሲያሳድስ ይያዛል፤ ለማስቀየር ደግሞ ሞተሩን ከማን እንደገዛ ወረቀት ማምጣት አለበት፤ የሶማሌ ተራው አምባሳደር ወረቀት አይሰጥም። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ ባልጽፍ ይሻላል።

ከደንበኞቻችን ሁለቱ አይረሱኝም። አንዱን ባንኩ እንለው ነበር፤ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው። ባለ 1200ውን ባለ 1600 ለማድረግ ከደመወዙ እየቆረጠ ቁራጭ በቁራጭ ነበር የገዛው፤ አንድ ወር ፒስቶንና ሲሊንደር፣ ሌላ ወር ቴስታታ፣ እቁብ ሲደርሰው ኮሎ። ዕቃዎቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው አልጋው ሥር ይጠራቀሙ ነበር፤ ሚስቱ አንድ ቀን ጋራዥ ድረስ መጥታ ለጋሼ ስሞታ ያሰማችው በዚህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሸሚዙን አውልቆ ከእኛ ጋር ይውላል፤ ካንዴላ ያጸዳል፣ ፑንቲና በወረቀት ይለካል፣ ይጠይቃል፣ በደብተር ይጽፋል። ጋሼ ይወዱት ነበር። እኔም እወደው ነበር፤ ዳቦ ይዞ ስለሚመጣ።

ሌላው የጨርቁ ልጅ ነው። አባቱ መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ወንድሙ ጀርመን የሚኖር። እሱ በአንድ ጊዜ ነው የመጣው፦ መኪናዋን አቁሞ፣ ካርቶን አውርዶ፣ “ግጠሙልኝ፣ ዋጋውን ንገሩኝ” ብሎ። ካርቶኑ ውስጥ ጥንድ ካርቡራተር፣ ለፊት ጎማ ዲስክ ፍሬንና አንድ የአሜሪካ መጽሔት ነበር። መጽሔቱን እስኪቀዳደድ አየነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤምፒ የሚባል ድርጅት ለቮልስ የሚሆን የፍጥነት ዕቃ በካታሎግ እንደሚሸጥ ያወቅነው ከዚያ ነው። ጀርመንም ውስጥ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኦክራሳ የሚባል፣ ጥንድ ካርቡራተርና የራሱን ቴስታታ አቀናጅቶ የሚሸጥ ቤት ነበረ። ጋሼ ሥዕሎቹን በመነጽራቸው እያዩ፣ እንግሊዝኛውን ለማንበብ ሳይሞክሩ፣ የሚያውቁትን ይነግሩናል፦ ቮልስ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ራሊ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 (እ.ኤ.አ.) ማሸነፏን፤ ፖርሽ እንኳ በ1948 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የመጀመሪያው 356 ከቮልስ ዕቃ የተቀጣጠለ መሆኑን። ይህ ሁለተኛው ነገር ለእኔ ትልቅ ዜና ነበር። ያ ሁሉ የሚወራለት ፖርሽ መነሻው የሌላ መኪና ዕቃ መለወጥ ከሆነ፣ እኛም ከመኪናዋ ሥር ተንጋለን የምንሠራው ተራ ሥራ አይደለም ማለት ነው።

የጨርቁ ልጅ ጉልበቱን ገዝቶ መምጣቱ ጋራዡን ለሁለት ከፈለው። ረዳቶቹ “ገንዘብ ያለው ይገዛል፣ ሙያ ያለው ይሠራል” እያሉ ባንኩን ያሞግሳሉ። ወሬው በየጋራዡ ያለ ነው፤ ካሊፎርኒያም ሳይኖር አይቀርም። ግን ካርቡራተሮቹ ተገጥመው ሞተሩ ሲነሣ የሆነውን አይቻለሁ። ጥቁር ጭስ። ሞተሩ እያነቀው ያስላል፣ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለብሰው ይወጣሉ። ካርቡራተሮቹ የተለኩት ለቆላ አየር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚኑ እንዳለ ሆኖ አየሩ ያንሳል። ገንዘብ የገዛው ጉልበት ከፍታው ላይ ሲደርስ ከሳጥን እንደወጣ አልሠራም።

ጅግለር፣ ቤንዚኑን የሚለካው ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ መቀየር ነበረበት፤ የሚቀየር ጅግለር ግን አገር ውስጥ የለም። ጋሼ የጅግለሮቹን ቀዳዳ በቆርቆሮ ብየዳ ደፈኑና በቀጭን መርፌ እንደገና በሱ። ገጠሙ፣ አስነሡ፣ ካንዴላ አወጡ፣ ቀለሙን አዩ፣ እንደገና ደፈኑ። ቡና ዓይነት ቀለም እስኪመጣ ድረስ እንዲህ ዋሉ። ሁለቱን ካርቡራተሮች እኩል ማስተንፈስ ደግሞ የእኔ ሥራ ሆነ፤ ጆሮህ ወጣት ነው ተባልኩ። የላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን የካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርጌ የሚስበውን የአየር ድምፅ አዳምጣለሁ፤ ወደ ሌላኛው እሄዳለሁ፤ አንደኛው ቀጠን ያለ ከሆነ ጋሼ ካቻቢቴውን ትንሽ ያዞራሉ። ያንን ድምፅ አሁንም በጆሮዬ መጥራት እችላለሁ። የጨርቁ ልጅ በዚህ ሁሉ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር፤ በዚህ አልቀየመውም፣ ከፍሏል።

ፕሮባ የሚወጣው እሑድ ማለዳ ነው። ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ እንደልብ አይነዳም፤ አንድ ጊዜ እንጦጦ፣ አንድ ጊዜ ከቃሊቲ ወዲያ የደብረ ዘይት መንገድ። ባንኩና የጨርቁ ልጅ በአንድ እሑድ እንጦጦ የወጡት በአጋጣሚ ነው ቢባልም ረዳቶቹ ያቀነባበሩት ይመስለኛል። ሁላችንም ልባችን ከባንኩ ጋር ነበር። የጨርቁ ልጅ ጥሎት ሄደ። ዳገቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ቁልቁለቱ ላይ ይበልጥ፤ ዲስክ ፍሬን ስላለው ኩርባው አፍ ድረስ ሳይፈራ ይገባል። ባንኩ ገንዘቡን ሁሉ ሞተር ላይ አውሎ ፍሬኑ የድሮው ታምቡር ነው፤ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ የፍሬን ሸራው እየሸተተ፣ ፔዳሉ እየሰጠመ ነበር። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የመሥራትን ክብር የሚያወሩትን ሁሉ እያሰብኩ እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ ነበር የወረድኩት። በእጁ የሚሠራ ሰው ጉልበት ያስቀድማል፤ ፍሬን ለሚቀጥለው እቁብ ይቆያል። ይህን በብዙ መኪኖች አይቼዋለሁ፤ ከቮልስ በኋላ በመጡትም። ጥቂት ቆይቶ የባንኩ ሦስተኛ ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ተቃጠለ። እንደተለመደው።

ባንኩ ግን ባንክ ቤት ሲሄድ መኪናዋን በገዛ እጁ እንደሠራት ነው የሚያወራው። ባልደረቦቹን ሊያሳይ አንድ ቀን ጋራዥ ይዟቸው መጣ፤ ኮፈኑን ከፍቶ እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ ጠራላቸው፣ ቮላኖው እንዴት እንደገባ ሳይቀር አስረዳ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ የማግኒዚየም ብናኝ ጥፍሬ ሥር አለ። ጋሼ አዩኝ፣ ፈገግ አሉ፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የጨርቁ ልጅ ቢያንስ ሲጠይቁት የጋራዡን አቅጣጫ ይናገር ነበር፤ እሱን እየሰማ የመጣ ደንበኛ ብዙ ነው። ስለ መግዛትና ስለ መሥራት የሚደረገውን ክርክር ስሰማ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይታየኛል። ክርክሩ በባለ መኪኖች መካከል ነው። አንዱ በአንድ ጊዜ ይገዛል፣ ሌላው በየወሩ ይገዛል፤ የሁለቱንም የሚሠራው ከሥር የተንጋለለው ነው። እሱን ደግሞ ማንም ወገንህ ከየትኛው ነው ብሎ አይጠይቀውም።

ባንኩ በኋላ አገር ጥሎ ወጣ፤ በሱዳን በኩል ነው ተባለ። ሚስቱ መኪናዋን ሸጠች። ዓመታት አልፈው እኔም በጋራዡ ሙሉ መካኒክ ሆኜ ሳለ፣ ከናዝሬት አንዲት ቀይ ቮልስ በሦስተኛ ሲሊንደር ሕመም መጣች። ሞተሩን አውርጄ ፍሪሲዮኑን ስፈታ ቮላኖው ላይ ሚዛኑ እንዳይሳሳት በምስማር የጫርኩት ምልክት አለ፤ የእኔ ነው፣ ሌላ ሰው እንዲያ አይጭርም። ባለቤቱን ሞተሩን ከየት አገኙት አልኳቸው። “አንድ ጎበዝ ልጅ ናዝሬት ላይ ሠርቶልኝ ነው” አሉኝ ኮራ ብለው። አልተከራከርኩም። ልጁም ሳይሠራበት አልቀረም፤ ቴስታታው አዲስ ነው፣ ጥሩ እጅ አለው።

ከዚያ የዲኤክስ ዘመን መጣ። ኮሮላ ዲኤክስ በ4ኬ ሞተሯ፣ 1,290 ሲሲ፣ ገብታ የከተማውን ወጣት ወሰደች፤ 4ኬውን አውርዶ ባለ 1,486 ሲሲውን 5ኬ መግጠም የቮልሱን ያህል ጣጣ አልነበረውም፣ ለዚህ ይሆናል ብዙም ወሬ ያልወጣለት። ከዲኤክስ በኋላ የመጡትን የቪትዝ ልጆች ግን አልገባኝም። ማርሚታ አስፍተው ሞተሩን ያስጮሁታል፤ ሰፈሩ ይነቃል፣ መኪናዋ እንደነበረች ናት። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን አጭቆ ስለሚያስገባ ከፍታን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ተርቦ በእኛ ዘመን የጭነት መኪና ዕቃ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ነው። የካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ሰማይ ሰቀላቸው፤ ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አሳወቀ። የእህቴ ልጅ ከቻይና የገባች ቮልስዋገን አይዲ 4 ገዛ። ኑ እንጦጦ እንውጣ አለኝ። መኪናዋ ከሁለት ቶን በላይ ትመዝናለች፤ የድሮዋ ቮልስ 760 ኪሎ ገደማ ነበረች። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የኋላ ጎማ ነው የሚገፋው፤ ይህን ሳይ ጋሼ ትዝ አሉኝ፤ ደስ ይላቸው ነበር። 150 ኪሎዋት፣ ማለት 204 የፈረስ ጉልበት፤ የባለ 1200ዋን ልክ ስድስት እጥፍ። ኤሌክትሪክ አየር አይተነፍስም። ሽሮ ሜዳ ላይ 204፣ እንጦጦ ማርያም ላይም 204። አዲስ አበባ ጉልበቷን ሳትቀናነስ ያገኘችው አሁን ገና ነው፤ ለዚህም ሞረድ የያዘ፣ ጅግለር የበሳ፣ ቱቦ ጆሮው ላይ ያደረገ ሰው አላስፈለገም። ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣችው። የእህቴ ልጅ ፊቴን እያየ ይስቃል። ደስ አለኝ፤ ቅር ሊለኝ ይገባል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አላለኝም። ያኔ ፍሬኑ ሸትቶ የወረድንበትን ቁልቁለት ሞተሯ ራሱ እየያዛት፣ ባትሪዋን እየሞላች ወረደች።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድላታል አለኝ፤ ስክሪኗ በቻይንኛ ነው። የሚቀይር ልጅ አለ፣ እንሂድ። አንዲት ጠባብ የሞባይል ጥገና ሱቅ በር ላይ አቆምን። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ላፕቶፕ ይዞ ገባ፣ ሽቦ ሰካ፣ መተየብ ጀመረ። ጥፍሩ ንጹሕ ነው። ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ በትሕትና አስረዳኝ፣ ግማሹ ገባኝ። አንዳንዱን ከኢንተርኔት አግኝቶ፣ አንዳንዱን እየሞከረ፣ ሁለት ጊዜ ስክሪኑ ጠፍቶበት ደንግጦ እንደተማረው ነገረኝ።

“ጉልበትስ መጨመር ትችላለህ?” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ደጅ የቆመውን የትራፊክ ሰልፍ አየ። “ይቻላል ይላሉ ጋሼ። ግን የት ሊነዱት ነው?”

ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ተከፈተ። የእህቴ ልጅ ዋጋውን ጠየቀ፣ ልጁ ነገረው፣ የእህቴ ልጅም ስልኩን አውጥቶ ሊልክለት ሲል እጁን ያዝኩት። ሶማሌ ተራ ያደገ ጆሮ አለኝ፤ ግማሹን ጠራሁለት።